የጨው ውሃ የአፍንጫ ጠብታ ለልጄ ዓይን ሥር ጥቁረት
የ8 ወር ልጄ ዓይን ሥር ሲጠቁርብኝ እንቅልፍ ያነሳት መስሎኝ ተጨንቄ ነበር። ሐኪሟ ግን መጀመሪያ ያዩት አፍንጫዋን ነው። አፍንጫ ሲታፈን ከዓይን ሥር ያሉት የደም ሥሮች ያብጣሉ፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ጥቁረቱ ቶሎ ይታያል አሉኝ። 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ጠብታ አዘዙላት። ከመጥባቷ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ አድርጌ ንፍጧን በንፍጥ መምጠጫው ቀስ ብዬ አጸዳላታለሁ። መምጠጫውን አልወደድኩትም፤ ውስጡ በደንብ አይታጠብም፣ እሷም ታለቅሳለች። ጠብታው ግን በጣም ጥሩ ነው! በመጀመሪያው ሌሊት አፏን ገጥማ ተኛች፣ በሳምንቱ ጥቁረቱ ሳሳ። ለዓይኗ የገዛሁትን ክሬም ሳልከፍተው መለስኩት። የልጃችሁ ዓይን ጎድጎድ ካለና ሽንቱ ከቀነሰ ግን ጠብታ አትሞክሩ፤ ፈሳሽ አንሶት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት።