ዘጠኝ ወር በአንዲት ርካሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር

ደብረ ማርቆስ በተከራየሁት ቤት የትምህርት ማስታወሻዎቼን የማዘጋጀው ዋይፋይ በሌለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ራውተሩ በአከራዬ ሳሎን ሲሆን፣ በእሱና በእኔ ክፍል መካከል ሁለት የጭቃ ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ በር አለ። ለኬብል ብዬ የሰው ግድግዳ መብሳት ስላልፈለግሁ፣ ባለፈው መስከረም ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ አዳፕተር ገዛሁ። አከራዬ ባዩዋት ጊዜ «ይቺ ናት እንዴ ኢንተርኔቱን የምትጎትተው?» ብለው ስቀውባታል።

ድራይቨሯ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አዳፕተሯን እንዲያውቃት የሚያደርገው ፕሮግራም፣ የመጣው በትንሽ ሲዲ ነበር፤ የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ሲዲ አያነብም። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ፣ በስልኩ ዳታ ድራይቨሩን አውርጄ ጫንሁ።

ካርቶኗ ላይ 150 ሜጋቢት በሰከንድ ተጽፏል፤ ዊንዶውስ ግን የሚያሳየኝ 72 ነው። ተጭበረበርሁ ብዬ ነበር፤ ኋላ እንደተረዳሁት ግን 150 የሚገኘው ራውተሩ 40 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ቻናል (የሞገድ መስመር) ሲጠቀም ነው፣ በተለመደው 20 ሜጋኸርዝ ባለ አንድ አንቴና አዳፕተር ከ72 አያልፍም። የአከራዬ መስመር 10 ሜጋቢት ስለሆነ ልዩነቱ ለእኔ ትርጉም የለውም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ በሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ፣ ከውጭ ሃርድ ዲስኬ ጎን ሰክቻት ስለነበር፣ ፋይል ስገለብጥ ፍጥነቱ ከ2 ሜጋቢት በታች ይወርድ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቋረጥ ነበር። አከራዬን ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩልኝ ደጋግሜ አስቸግሬያቸዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። የዩኤስቢ 3 መሣሪያዎችና ገመዶቻቸው ሲሠሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሲግናል የሚረብሽ የሬዲዮ ጫጫታ ይፈጥራሉ፤ ይቺ አዳፕተር የምትሰማውም ይህንኑ ሞገድ ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ የብረት ሣጥን ደግሞ ከራውተሩ ይጋርዳታል። የአንድ ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ገዝቼ ከፊት ባለው የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ሰካሁና አዳፕተሯን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ በሩ ባለበት አቅጣጫ አኖርኋት። ሁለት የነበረው የሲግናል መስመር አራት ሆነ፤ ፍጥነቱም 9 ሜጋቢት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በቪዲዮ ስነጋገር ድምፄ አልተቆራረጠም።

ኮምፒውተሩን ሳልነካው ጥቂት ስቆይ ግንኙነቱ የሚጠፋውም ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ አዳፕተሯን ስለሚያጠፋት ነበር፤ ዲቫይስ ማናጀር በተባለው የዊንዶውስ የመሣሪያዎች መቆጣጠሪያ ውስጥ ያንን ፈቃድ ስነሳው ቀረ። ረጅም ፋይል ሲወርድ ትሞቃለች፤ እስካሁን ግን በሙቀት ምክንያት አልቆመችም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ራውተሩ እንደተነሣ ራሷ ትገናኛለች።

ያልፈታሁት አንድ እንከን ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነቃ አልፎ አልፎ አዳፕተሯን አያያትም፤ ነቅሎ መልሶ መሰካት ግድ ይላል። ጀርባ ላይ በነበረች ጊዜ ለዚህ ስል ጠረጴዛ ሥር እንበረከክ ነበር፤ አሁን እጄን መዘርጋት ብቻ ነው።