የአባዬ ፒክአፕና የግቤ ዳገት፦ አለም ገና ላይ ያሠራሁት የሞተር ማቀዝቀዣ

ዘንድሮ ለገና አገር ቤት ስመጣ አንድ ነገር ወስኜ ነበር። የአባዬን ፒክአፕ ከሙቀት መገላገል።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 5ኤል የሚባለው ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ተርቦ የለውም። ቤታችን አለም ገና ነው፤ ጅማ አያቴ ጋ የምንመላለሰው በእሷ ነው። ሽጧትና ሌላ ግዙ የሚለን አልጠፋም። ግን ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ያሉትም ዋጋቸው አይቀመስም። ስለዚህ ያለችንን ይዘን ማቆየት መረጥን።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ከውጭ መጥታችሁ የቤተሰብ መኪና ለማሠራት ለምታስቡ ነው። አራት ቦታ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ገንዘቤን ወስዶ ችግሩን አባባሰው። ከቀሩት አንዱ ግን በምኖርበት ፍራንክፈርት እንኳ አግኝቼው የማላውቀውን ሥራ ሠራልኝ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ያለው በከተማው ሌላኛ ጫፍ ነው። ስሙን አልጠራም። ግቢው ሰፊ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ እንግዳ መቀበያም አለው። ይዤላቸው የሄድኩት ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነ፣ ከፋብሪካው በአንድ ጣት የወፈረ ራዲያተር ነው። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ በ38,000 ብር ገዝቼዋለሁ። ወንድሜም አብሮኝ ነበር። መኪናዋን የምነዳት እኔ ነኝ፤ የምከፍለውም እኔ። እነሱ ግን የሚያወሩት ከወንድሜ ጋር ብቻ ነው። እኔ ስጠይቅ ለእሱ ይመልሳሉ። አንዳቸውም «መቼ ነው የምትሞቀው?» ብለው አልጠየቁም። «ትልቅ ራዲያተር ከገባ በቃ፣ አለቀ» አሉ።

ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። ለእጅ 15,000 ብር ከፈልኩ። ስረከብ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ራዲያተሩ ያብረቀርቃል። ነገር ግን ፋኑን ዙሪያውን የሚከብበው ፕላስቲክ የለም። «አዲሱ ወፍራም ስለሆነ አልገባም፤ ጥቅምም የለው» አሉኝ። ያን ሰዓት መከራከር ነበረብኝ። ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከገና በኋላ ወደ ጅማ ተነሳን። እማዬ፣ ሁለት ልጆች፣ ከኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ። ከጀርመን ያመጣሁትን ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ቀደም ብለን ከወንድሜ ጋር ገጥመነዋል። ሴንሰሩ ከሞተር ወደ ራዲያተር በሚሄደው የላይኛው ጎማ መሃል ነው የሚገባው። እስከ ወሊሶ ሰላም ነበርን። ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ ወንዝ ቁልቁለቱን ወረድን። ድልድዩ ያለው ወደ 1,100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ድልድዩን ተሻግረን ወደ አበልቲ መውጣት እንደጀመርን ቁጥሩ ተነሳ። 93። 98። ማርሽ ቀነስኩ። 101። የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፤ እሱም ከሞተሩ ጥቂት ሙቀት ይወስዳል። በዚያ በረሃ ልጆቹ ላብ በላብ ሆኑ። 104 ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። የአካባቢው ልጆች በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዘው ሮጠው መጡ። አንዱ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ እማዬ ጮኸችበት። ልክ ነበረች። በዚያ ሰዓት የሚከፈት ክዳን ፊት ያቃጥላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ከዚያ ፊታችንን ወደ ቤት አዞርን፤ የወልቂጤንም ዳገት ሦስት ጊዜ እየቆምን በምሽት ወጣነው። አያቴ ምሳ አዘጋጅታ ስትጠብቅ ዋለች።

ሁለተኛውን ጋራዥ የጠቆመን ጎረቤታችን ነው። ከዋናው የሰበታ መንገድ ገባ ብሎ፣ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ምልክት የለውም። ሁለት የጭነት መኪና፣ አንድ ሚኒባስ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ አንድ ረጅም አግዳሚ። ባለሙያው ስልሳዎቹን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ኮፈን አላስከፈቱኝም። አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝና «የምትነጂው ማነው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኩ።

«እንግዲያው ንገሪኝ ልጄ። የት ነው የምትሞቀው? መብራት ላይ ቆማ? ሜዳ ላይ ስትፈጥኚ? ወይስ ዳገት ላይ ዝግ ብለሽ ስትወጪ?»

በመላው ጉዞዬ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የረባው ይሄ ነው። ቆማ የምትሞቅ መኪና ነፋስ አጥታለች፤ ፋኑን መርምር። ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትሄድ የምትሞቅ ከሆነ ነፋስ አላት፤ ውሃው ነው በደንብ የማይዞረው፤ ራዲያተሩን ወይም የውሃ ፓምፑን መርምር። ዳገት ላይ ዝግ ብሎ መውጣት ግን ሁለቱንም ይፈትናል። እሳቸው ይህን ሲያስረዱኝ በጣታቸው አፈሩ ላይ እየሣሉ ነው።

ዳገት ላይ ነው ስላቸው ረዳታቸውን ጠሩ። ልጁ የቴርሞስታቱን፣ እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ቤት ፈታ። ውስጡ ባዶ ነው። ቴርሞስታት የሚባል የለም።

ወንድሜ የመጀመሪያው ጋራዥ ደወለ። አልካዱም። «እኛ ነን ያወጣነው፤ ለሙቀት ጥሩ ነው፤ ውሃው እንደልቡ ይዞራል» አሉ። ይህ አገራችን ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ነው፤ ዳፋውም ከባድ ነው። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ራሱ መኪናው ቢሞቅ እንኳ ቴርሞስታቱን አታውልቁ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። አንደኛው ሲከፈት ውሃው ወደ ራዲያተር ይሄዳል። በዚያው ቅጽበት ሁለተኛው፣ ከሥር ያለው፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ሞተር የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ስትጥሉት አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የፈላው ውሃ ግማሹ ሳይበርድ ይመለሳል። በ38,000 ብር የገዛሁት ራዲያተር ግማሹ ውሃ ሳይደርስበት ነው ግቤ ላይ የቀቀለኝ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ናፍጣም ይበላል።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን በእጅ በሚነፋ የግፊት መለኪያ ሞከሩት። ላዩ ላይ የሚይዘው ግፊት 0.9 ተብሎ ተጽፏል። መርፌው 0.3 ላይ ሲደርስ ሲስ አለና ለቀቀ። ይህን ነገር ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች አናስበውም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። እዚህ ተራ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ራዲያተሩን የማብረድ ጉልበቱ ያነሰ ነው። ውሃው ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው። ደህና 0.9 ክዳን እዚህ ከፍታ ላይ እንኳ ተራ ውሃን እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ይይዛል። የእኛ ግን 104 ላይ ፈላ። የክዳን ዋጋ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ማንም አይቶት አያውቅም ነበር።

ሶማሌ ተራ ተመለስኩ። ክዳንና 82 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ገዛሁ። ሻጩ «ዋናው ጃፓን ነው» አለኝ። ካርቶኑም ያምራል።

ጋሼ የምላቸው ባለሙያው ግን ካርቶን አያምኑም። ከሰሉ ላይ የጠቆረ ጣሳ ተጣደ። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው ውሃው ውስጥ አወረዱት፤ ከጣሳው ሥር እንዳይነካ በጣታቸው ከፍ አድርገው ያዙት። ሁላችንም አጎንብሰን እናያለን። ውሃው ተንተከተከ። በሩ የፀጉር ያህል ተከፈተና ቆመ። ደቂቃዎች አለፉ። ያው ነው። «ይሄ ቢገባ ኖሮ እንደገና ግቤ ላይ ትቆሚ ነበር» አሉኝ። በማግስቱ ሻጩ ዘንድ ወስጄ የሆነውን ነገርኩት። ሳይከራከር ቀየረልኝ፤ የዋጋውን ልዩነት ጨምሬ ሌላ ዓይነት ሰጠኝ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሁለተኛው ቴርሞስታት ጣሳው ውስጥ ገና ውሃው ሳይንተከተክ ክሩን ለቀቀው። ዘዴያቸው ይሄ ነው፤ ክሩ በሩ ላይ ተቆንጥጦ ነው የሚንጠለጠለው፤ በሩ ሲከፈት ዕቃው ይወድቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ ላይ ነው። እዚህ በፈላ ውሃ ስትሞክሩት ትንሽ ይቀረዋል፤ ያ ጉድለት አይደለም።

ፋኑ ላይ ብዙ ጊዜ ወሰዱ። እኔ የኤሌክትሪክ ፋን ላስገጥም አስቤ ነበር፤ እንዲያውም ዋጋ ጠይቄያለሁ። ጋሼ አልተስማሙም። በሞተሩ ቺንጊያ የሚዞረው ፋን ክላቹ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑን አጥብቆ የሚያዞረው፣ ደህና ከሆነ የበለጠ ነፋስ ይስባል አሉ፤ የድሮ ሽቦና ዲናሞ ላይ ትልቅ ፋን መጫን ሌላ ችግር መግዛት ነው። የፋኑን ክላች ፈትተው ውስጡ ያለውን የሲሊኮን ዘይት አዩ። አልቋል ማለት ይቻላል። ትናንሽ ቱቦ ውስጥ የሚሸጥ 10,000 የሚል ቁጥር ያለው የቶዮታ ዘይት አለ፤ እያንዳንዱ 18 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለቱን ጨመሩበት። ሞተሩ ሲሞቅ የፋኑ ድምፅ ተለወጠ፤ ከሩቅ ዝናብ እንደሚመጣ ዓይነት ጉምጉምታ። ያ የተጣለው የፋኑ ዙሪያ መከለያ ደግሞ ከላሜራ ተሠራ። ከአዲሱ ራዲያተር ጋር ልክ እንዲገጥም ሦስት ጊዜ ቆርጠው ሞከሩት፤ ጠርዙን ጎማ አለበሱት። ያለ እሱ ፋኑ ከራዲያተሩ ፊት ሳይሆን ከጎን ያለውን ሙቅ አየር ነው መልሶ የሚያዞረው።

ከውጭ ያመጣኋቸውን የሲሊኮን ጎማዎች ወደዷቸው። የመጀመሪያው ጋራዥ የተጠቀመውን ቀጭን የጎማ ማሰሪያ ፋሼታ ግን ጣሉት፤ ጎማውን መቁረጥ ጀምሮ ነበር።

ሌላው የሄድኩበት ራዲያተር መጠገኛ ከዚያው ሰፈር ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። የድሮውን የመዳብ ራዲያተር የላይኛውን ክፍል ፈትተው፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን ዘንግ ጠርገው፣ መልሰው በየዱት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። የወጣውን ቡናማ ጭቃ ሳይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ይህንን ራዲያተር ብቻ አስጠርጌ፣ ክዳንና ቴርሞስታት ብቀይር ይበቃን ነበር። አሁን መጋዘን ውስጥ መለዋወጫ ሆኖ ተቀምጧል።

አሉሚኒየሙ ላይ ተራ የቧንቧ ውሃ እንዳንጨምር አስጠነቀቁን። ኩላንት እዚህ የሚያስፈልገው ለብርድ ሳይሆን ብረቱ እንዳይበላ ነው። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ፤ አሲድ ያለበት አይደለም። ሲሞላ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገው አቆሟት፤ ማሞቂያው ተከፈተ፤ ልጁ ጎማዎቹን በእጁ ይጨምቃል፤ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ።

ቅሬታም አለኝ። ሁለት ቀን ተብሎ አራት ቀን ፈጀ። ጋሼ ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ገንዘቡን ለሚከፍል ሰው ሒሳብ ማቅረብ ካለባችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መጸዳጃ ቤቱ ለሴት የሚመች አይደለም። ለእጅ የከፈልኩት 9,500 ብር ነው። ጉርሻ ስጨምር ግማሹን ለልጁ ሰጡት።

ከጥምቀት በኋላ እንደገና ወደ ጅማ ወጣን። ያው ጭነት፣ ያው ሰው። ሜዳው ላይ 85 እና 86። የአበልቲ ዳገት ላይ፣ ቀትር ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፍተኛው 97 ነበር። ባለፈው የቆምንበት ቦታ ስንደርስ ልጆቹ መስኮቱን ከፍተው እጃቸውን አወዛወዙ። አያቴ ቡናውን አቀራርባ ጠበቀችን።

አሁን ፍራንክፈርት ነኝ። ጋሼ በወንድሜ በኩል መልእክት ልከውልኛል። ያቺ የፋን ዘይት ሶማሌ ተራ ጠፍታለች፤ ስድስት ቱቦ ይፈልጋሉ። ሦስት ቴርሞስታትም ጨምሪ ብለዋል፤ አንዱ ለሚኒባሱ ነው። ለፋሲካ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ዕቃውም ተገዝቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቴርሞስታቶቹን ግን ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥዬ ሳልሞክር አልልካቸውም።