ለዘንግ ፓምፕ ምን እንግዛ፦ ታይመር፣ ጭነት ለኪ ወይስ ፍጥነት ቀያሪ?

«ፓምፔ ጉድጓዱ ከሚያመነጨው በላይ ይስባል፤ ምን ልግዛለት?» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች በዝተዋል። በብረት ዘንግ ለሚሠራ የነዳጅ ጉድጓድ ፓምፕ ምርጫዬ ጭነት ለኪ መቆጣጠሪያ ነው። እዚህ ላይ የደረስኩት ግን ሁለት ጊዜ ከስሬ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ታይመር ነበር፤ በርካሽነቱ የሚስተካከለው የለም። ታይመር የሥራና የእረፍት ደቂቃ ይቆጥራል እንጂ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አያውቅም። ለጥቂት ወራት በደንብ ሠራ። ፍሰቱ ሲቀንስ ግን የፓምፑ በርሜል (ፒስቶኑ የሚመላለስበት ቱቦ) በግማሽ እየሞላ፣ ፒስቶኑ ሲወርድ ፈሳሹን በኃይል ይመታ ጀመር። ይህ ምት ዘንግ ያጎብጣል፣ ቱቦ ይፍቃል፣ የማርሽ ጥርስ ይጎዳል። የተበጠሰውን ዘንግ ለማስወጣት የከፈልኩት ገንዘብ ጭነት ለኪውን ገዝቶ ይተርፍ ነበር።

ፈርቼ እረፍቱን ባስረዝመው ደግሞ ምርቱ ወረደ። ፓምፑ ቆሞ ሲቆይ የሚጠራቀመው ፈሳሽ በክብደቱ ግርጌውን ይጫናል፤ ከአለቱ የሚገባውም ይቀንሳል። ከነዳጁ የሚለየው ጋዝ ለሚገፋቸው ጉድጓዶች ቮገል የተባለ መሐንዲስ በ1968 ባወጣው ቀመር መሠረት፣ የግርጌው ግፊት የክምችቱን (ነዳጁን የያዘውን አለት) ግፊት ግማሽ ሲያህል የሚገኘው ከከፍተኛው ፍሰት 70 በመቶ ነው። የግርጌው ግፊት ወደ ክምችቱ ግፊት 20 በመቶ ሲወርድ ከከፍተኛው ፍሰት 93 በመቶ ገደማ፣ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ 97 በመቶ ገደማ ይገኛል። ስለዚህ ጉድጓዱን እስከ ጭላጩ መምጠጥ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ረጅም እረፍት የሚያሳጣው ግን ብዙ።

ጭነት ለኪው በዘንጉ ላይ ያለውን ክብደት በየምቱ ያነባል፤ በርሜሉ መሙላት ሲያቅተው ፓምፑን አቁሞ አጭር እረፍት ይሰጠዋል። ዋጋ ስትጠይቁ የሳጥኑን ብቻ አትጠይቁ፤ ሎድ ሴሉን (ክብደቱን የሚለካውን ክፍል)፣ የቦታ ጠቋሚውን (ዘንጉ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን)፣ ኬብሉን፣ የመግጠሚያውንና የአንድ መለዋወጫ ሴል ዋጋ ደምሩበት። ሴሉ ላይ ለመቆጠብ ብዬ ቅጂ ገዝቼ ነበር። በኬብሉ መግቢያ እርጥበት ገባና ንባቡ ጠዋት ሌላ፣ ቀትር ሌላ ሆነ። ፓምፑ ያለ ምክንያት ሲቆም ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉድጓዱን ስወቅስ ከረምኩ። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት የታወቀ ክብደት ጫኑበት፤ በቅዝቃዜም በሙቀትም ያው ቁጥር ካልወጣ መልሱት።

ፓምፑን ከማቆም ይልቅ የሞተሩን ፍጥነት የሚቀንሰውና የሚጨምረው ፍጥነት ቀያሪ ከሦስቱ ውዱ ነው። አሸዋ ላለበት ወይም ነዳጁ ለወፈረ ጉድጓድ ዋጋው ይገባዋል፤ ፓምፑ ሲቆም አሸዋው ፒስቶኑ ላይ ተኝቶ ያጣብቀዋልና። ለሌላው አልመክርም። ፍጥነቱ በጣም ሲቀንስ የሞተሩ ማራገቢያ ሞተሩን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ የማርሹም ዘይት ኩሽኔታው ድረስ ላይረጭ ይችላል።

ፓምፑ ከሚሠራበት የሚቆምበት ሰዓት ከበዛ፣ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ፑሌጅ (ቀበቶው የሚዞርበትን ጎማ) አውጥታችሁ ከእሱ ያነሰ ግጠሙ፤ ፓምፑ ዝግ ብሎ ይሠራል። ከዚህ የረከሰ መፍትሔ አላየሁም።

ጋዝ የሚበዛበት ጉድጓድ ግን ጭነት ለኪውንም ያታልላል። ፒስቶኑ ሲወርድ ጭነቱ በአንዴ ከመውደቅ ይልቅ ቀስ በቀስ ከቀነሰ፣ በርሜሉን የሞላው ጋዝ ነው። ለእሱ የሚገዛው ከፓምፑ ሥር የሚገጠም ጋዝ መለያ ነው።