አሽትቼ የምገዛው መኖ

ቢሾፍቱ ዳር ላይ አሥራ ሁለት እናት አሳማ አለኝ። ሥጋውን የሚወስዱልኝ አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎች ናቸው። መኖ ከአንዲት ትንሽ ማቀነባበሪያ መግዛት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። ስለ እሷ መጻፍ ከነበረብኝ ቆይቷል።

በፊት የምገዛበት ቤት ርካሽ ነበር። በመጋቢት ሙቀት የመጣልኝን ጆንያ ስፈታው ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ ደጋግመው የጠበሱበት ዘይት ዓይነት ሽታ ነው። የኑግ ፋጉሎውን በጣቴ ሳሸው ተጣበቀብኝ። ሰው "አሳማ ምን ይመርጣል? ያገኘውን ይበላል" ይላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ጡት የጣሉት ግልገሎች ገንዳው ላይ ይደርሳሉ፣ አንዴ ቀመስ ያደርጋሉ፣ ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። ኪሎ መጨመር አቆሙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ከሁሉም ፈጥኖ ያደገው፣ ማታ ደህና የበላው፣ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። የእንስሳት ሐኪሙ ከፍቶ ሲያየው ልቡ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል፤ የልቡ ጡንቻም ደም ፈሶበታል። "ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን ሲያንስ እንዲህ ያደርጋል፤ በደንብ የሚያድገውን ነው የሚመታው" አለኝ። መኖው ነው ብሎ ባይምልልኝም የቀረውን ጆንያ አስጣለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይት አየር ሲያገኘው ኦክስጅን ይበላዋል። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ኦክስጅን በቀላሉ የሚያጠቃው የቅባት ዓይነት ስለሆነ ቶሎ ይከረፋል፤ ሙቀት፣ ብርሃን፣ ብረትና መዳብ ያፋጥኑታል። የከረፋው ቅባት ደግሞ መኖው ውስጥ ያለውን የተፈጥሮ ቫይታሚን ኢ ይጨርሰዋል።

አዲሷ ማቀነባበሪያ ፋጉሎውን እዚያው ዓይንሽ እያየ ትፈጫለች። የተቀላቀለበት ቀን በማርከር ጆንያው ላይ ይጻፋል። ከፍቼ ላሽትት ስል ማንም ፊቱን አያጠቁርም። ዘይት ሲጨምሩ ቢኤችቲ የሚባለውን፣ ዘይት ቶሎ እንዳይከረፋ የሚከላከል ንጥረ ነገር፣ አብረው ያስገባሉ። መኖው ላይ ፕሪሚክስ የሚሉት የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥም ይገባል። አንድ ቀን የሚያቀላቅለውን ልጅ "ፕሪሚክሱ ቫይታሚን ኢ አለው አይደል? ቢኤችቲው ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"እትዬ፣ ፕሪሚክሱ ላይ ያለው አሲቴት የሚባለው የቫይታሚን ኢ ዓይነት ነው። ጆንያ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንጀት ገብቶ ሲፈታ ነው ሥራ የሚጀምረው። ቢኤችቲው ጆንያውን ይጠብቃል፣ ቫይታሚኑ አሳማውን።"

ይህን የነገረኝ ሻጭ ከዚያ በፊት አልነበረም። የከረፋን ዘይት ግን ቢኤችቲም አይመልሰውም፤ መጀመሪያውኑ ደህና ዘይት መሆን አለበት።

የአሜሪካው ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመዘኛ ለእናት አሳማ በኪሎ መኖ 44 ዩኒት፣ ለሚደልበው 11 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ይላል። የአዲሷ ማቀነባበሪያ የእናት መኖ ላይ 60 ተጽፏል። ደስ ብሎኛል። ግልገሎቼ አሁን ገንዳውን ይልሱታል።

ቅሬታም አለኝ። በኩንታል 300 ብር ይወደዳል፤ ዱቤ የለም፤ ቅዳሜ ሰልፉ አይቻልም። የፐርኦክሳይድ ምርመራ፣ ማለትም ዘይት መበላሸት ሲጀምር የሚፈጠረውን ነገር የሚለካውን፣ ያሠሩ ዘንድም ጠይቄያለሁ። ምርመራው ብቻውን እንደማይበቃ ግን አውቃለሁ፤ ፐርኦክሳይዱ ከፍ ካለ በኋላ ተሰባብሮ ይወርዳል፤ በጣም የተበላሸ ዘይት ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ አፍንጫዬን አልተውም፤ ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ መኖም አልገዛም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ መጋዘኑ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል። ለባለቤቱ "ጋሼ፣ በወፍጮው የደከማችሁበትን ጣሪያው እያበላሸው ነው" አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ጆንያዎቹ ከግድግዳው ራቅ ብለው እንጨት ላይ ተደርድረዋል። ጣሪያው ግን ያው ነው።