ጃፓን ውስጥ ልጅ ማስተማር፦ ኢንተርናሽናል ወይስ የመንግሥት ትምህርት ቤት?

ቶኪዮ ውስጥ ብዙዎቹ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የን ያስከፍላሉ። የማመልከቻ፣ የመመዝገቢያ፣ የአውቶቡስ እየተባለ ሲደመርበት የመጀመሪያው ዓመት ኪስ ያራቁታል። መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ዲፕሎማት ላይከብደው ይችላል። በደመወዙ ለሚኖር፣ በዚያ ላይ ሁለት ሦስት ልጅ ላለው ግን የሚሞከር አይደለም።

የመንግሥቱ ትምህርት ቤት የውጭ ዜጋ ልጅንም እስከ 9ኛ ክፍል በነፃ ያስተምራል። መጽሐፉም ነፃ ነው። ግን የውጭ ዜጋ ልጁን የማስገባት የሕግ ግዴታ ስለሌለበት፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማመልከት የወላጅ ፋንታ ነው። ልጆቹ በእግራቸው ይሄዳሉ። ነጭ ሽርጥና ኮፍያ አድርገው ለክፍል ጓደኞቻቸው ምሳ ያድላሉ፤ ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ። እኔ ይሄን በጣም ነው የምወደው።

ፈተናው ቋንቋው ነው። እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ 1,026 ካንጂ (ከቻይና የመጡ የጃፓንኛ የጽሕፈት ምልክቶች) ይማራሉ። በ6 ዓመቱ የገባ ከእኩዮቹ ጋር ይጀምራል። በ13 ዓመቱ ለመጣ ግን የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ቅርብ ነው፤ ያሳዝነኛል። ለእሱ፣ አቅም ካለ፣ በእንግሊዝኛ መቀጠሉ ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙዎቹ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች በጃፓን የትምህርት ሕግ እንደ መደበኛ ትምህርት ቤት አይቆጠሩም። ከዚያ ወደ ጃፓን ሁለተኛ ደረጃ መሻገር ሊያስቸግር ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የመንግሥቱ የትምህርት ዓመት የሚጀምረው በኤፕሪል ወር ሲሆን፣ የኢንተርናሽናሉ አብዛኛውን ጊዜ በኦገስት መጨረሻ አካባቢ ነው።