ሐኪምን በቲቪ ማናገር፦ የቱን መንገድ ልምረጥ?

ቲቪው ትልቅ ከሆነ ሐኪሙ አጥርቶ ያየኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ትልቁ ስክሪን የሚጠቅመው እርስዎን ነው፤ ሐኪሙ የሚያየው ካሜራዎ የላከለትን ብቻ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች በሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ክሊኒክ የመጡ ታካሚዎችን በቴሌቪዥን ማየት ጀምረው ነበር። ያኔ ከታካሚው ጎን ነርስ ነበረች። ቤት ውስጥ ግን የነርሷም የካሜራ ባለሙያውም ሥራ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው መንገድ ስማርት ቲቪ ላይ ካሜራ ሰክቶ በቲቪው አፕ መደወል ነው። በሪሞት ብቻ ስለሚሠራ ለአዛውንት ይመቻል። ችግሩ ሁሉም ካሜራ በሁሉም ቲቪ ላይ አለመሥራቱ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የአፑ ዕድሜ ነው። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቲቪ የሚሰጠውን አገልግሎት አቆመ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታም ፖርታል ቲቪ የተባለውን በቲቪ ላይ የሚሰካ የቪዲዮ ጥሪ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቶ ሦስት ዓመት ሳይቆይ መሸጡን ለመተው ወሰነ። ቲቪው እያለ አፑ ቢጠፋ ምን ሊረባ!

ሁለተኛው ቲቪው ላይ የሚሰካ ሳጥን ነው። አፕል ቲቪ 4ኬ (ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለው) እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አይፎንን ወይም አይፓድን እንደ ካሜራ ይጠቀማል። ምስሉ ግሩም ነው። ቤቱ የአፕል ዕቃ ከሌለው ግን ይርሱት።

ሦስተኛው የስልክን ስክሪን ወደ ቲቪ መወርወር ነው። ቲቪው የስልክ ስክሪን የሚቀበል ከሆነ ምንም አይገዙም። ብቻ ድምፁ ሊዘገይ ወይም ሊያስተጋባ ይችላል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ላፕቶፕን በኤችዲኤምአይ ኬብል ከቲቪ ጋር አገናኝቶ ዌብካም (ላፕቶፑ ላይ የሚሰካ ካሜራ) መጨመር ይበልጣል። ያን ያህል አያምርም፣ ገመድም ይበዛዋል። ግን ክሊኒኩ የሚልከው ሊንክ አብዛኛውን ጊዜ በብራውዘር ይከፈታል፤ የቲቪ ብራውዘር ደግሞ ከካሜራ ጋር እምብዛም አይግባባም። ዌብካሙን ከቲቪው በላይ ወይም በታች ያስቀምጡት፤ ያኔ ሐኪሙን ሲያዩ እሱም ዓይንዎን ያያል። መብራቱ ከፊትዎ ይሁን እንጂ ከጀርባዎ አይሁን።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ለማን ነው? ዓይኑ ለደከመ፣ የሐኪሙን ከንፈር እያየ ለሚሰማ፣ ወይም ቤተሰቡ አብሮ እንዲሰማለት ለሚፈልግ። ለፊዚዮቴራፒም ቲቪ ይመቻል፤ ራቅ ብለው ቆመው መላ ሰውነትዎን እያሳዩ እንቅስቃሴውን በትልቁ ያያሉ። ሽፍታ፣ ቁስል ወይም ጉሮሮ ለማሳየት ግን ስልክ ይሻላል። ቲቪውን ተሸክመው ጉሮሮዎ ላይ አያስጠጉትም!

ሳሎን ደግሞ ሳሎን ነው። የሽንት ጉዳይ ሲነሳ ቤቱ ሁሉ ጆሮ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ቀጠሮ ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ይዘው መኝታ ቤት ይግቡ።

ከመግዛትዎ በፊት ክሊኒክዎን በየትኛው አፕ ወይም ሊንክ እንደሚሠራ ይጠይቁ። ዕቃውን እንደገዙም ቀጠሮው ሳይደርስ ለዘመድ ደውለው ይሞክሩት፤ የማይሠራ ከሆነ ለመመለስ ጊዜ ይኖርዎታል። ደረት ከጨመደደዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ሪሞቱን ተዉትና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።