ሰፊው በር ላይ ቆመ፦ ሦስት ወር በጆሮዬ ያነበብኳቸው መጽሐፎች

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ነው። ሰፈሩን ለማታውቁት ስሙ ራሱ ይናገራል። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ ሲወረድ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ የስፌት መኪኖች ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ሲንገረገሩ ይውላሉ። ሴቶች ከፊት ለፊታችን ካሉት ሱቆች ጨርቅ ይገዛሉ፣ እኛ ጋ ቆመው ያሰፋሉ፣ ይዘው ይሄዳሉ።

እጄና ዓይኔ ሥራ ላይ ናቸው። ጆሮዬ ግን ነፃ ነው። ስለዚህ ከሦስት ወር በፊት በየወሩ የሚከፈልበት የድምፅ መጽሐፍ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። በቴሌብር እከፍላለሁ። ሌሊት አወርዳለሁ፣ ቀን እየሰፋሁ እሰማለሁ። የአፑንም የመጽሐፎቹንም ስም እዚህ አልዘረዝርም፤ ልጽፍ የተነሳሁት ስለሚያነቡት ሰዎች ነው። ዋጋውን ለሚጠይቅ፣ የወር ክፍያው አንድ ቀሚስ ከምሰፋበት ያንሳል። አልተወደደብኝም።

በሦስት ወር ውስጥ 11 መጽሐፍ ጀመርኩ፣ 6 ጨረስኩ። ካቋረጥኳቸው አምስት ውስጥ ድርሰቱ አልጥም ብሎኝ የተውኩት አንድ ብቻ ነው። አራቱን ያስተወኝ ተራኪው ነው። ከአራቱ ሁለቱን በኋላ ከሰው ተውሼ በወረቀት አነበብኳቸው። ግሩም መጽሐፎች ናቸው! ይሄ ነው ያናደደኝ። ደራሲው ስንት ዓመት የለፋበትን ሥራ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ሲያበላሸው ያሳዝናል።

መጀመሪያ ያቋረጥኩት የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ ነበር። አንዱ ታሪክ ስለ ልብስ ሰፊ ነው። የሙያ ባልደረባዬ ነውና ጆሮዬን ቀስሬ መስማት ጀመርኩ። ተራኪው እንዲህ አለ፦ «ሰፊው በር ላይ ቆመ።» ችግሩ «ሰፊው»ን ማጥበቁ ነው። ፊ ላይ ረገጥ አደረገ። እኔ የታየኝ አንድ ትልቅ፣ ሰፋ ያለ በር ነው፤ በዚያ በር ላይ ደግሞ አንድ ሰው ቆሟል። ማን ነው የቆመው? አሁን የመጣ እንግዳ ነው? ሁለት አንቀጽ ያህል ያንን እንግዳ ስጠብቅ ቆየሁ። እንግዳ የለም። የቆመው ልብስ ሰፊው ራሱ ነው፣ በሩም ተራ በር ነው።

ፊደሉ ያው ነው። ሲላላ እንደኔ ጨርቅ የሚሰፋ ሰው ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው። ጽሑፋችን የማጥበቂያ ምልክት አይደረግበትም። ዓይን ሲያነብ ወደፊት ዘለል ብሎ ያይና ራሱ ያስተካክላል። ጆሮ ግን የተሰጠውን ነው የሚቀበለው። ገና ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ዋና ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ይበላል ሲላላ ሰውየው በላተኛ ነው፣ ሲጠብቅ የሚበላው ምግቡ ነው። ጠብቆና ላልቶ እያልን ትምህርት ቤት የተማርነው ነው እኮ! እንግዲህ አማርኛ መጽሐፍ የሚተርክ ሰው በየመስመሩ ውሳኔ ይወስናል ማለት ነው። ገጹን ቀድሞ ካላነበበው በምን ይወስናል? በግምት። ግምቱ ሲስት ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው አድማጩ ነው።

ሌላው ትንፋሽ ነው። አማርኛ ነገሩን የሚቋጨው በመጨረሻው ግሥ ነው። ሦስት መስመር የሚሄድ ዓረፍተ ነገር ግሡ እስኪመጣ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ተራኪው መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ድምፁን ከጣለው፣ ያለቀ ይመስለኛል። ከዚያ የቀረው ግማሽ ብቻውን ይመጣል። መሀሉ ላይ ክር ያለቀበት ስፌት ማለት ነው፤ ከላይ ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፣ ሲስቡት ይለያያል። ጥሩ ተራኪ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያውቃል። ትንፋሹን ስቦ እስከ ግሡ ይዞኝ ይሄዳል።

ንግግር ላይም እንዲሁ ነው። መጽሐፎቻችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ንግግሩ ይቀድምና «አለች እናቱ» የሚለው ይከተላል። ሳይዘጋጅ የገባ ተራኪ የእናትየዋን ቃል በልጁ ድምፅ ይጀምራል። «አለች» ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። ድንጋጤው ይሰማል። እኔም አብሬው እደነግጣለሁ።

የኔ ትውልድ መለኪያው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ግን መጽሐፉን ከመግለጤ በፊት በወጋየሁ ድምፅ ነው የማውቀው። ያኔ ትረካው ከሬዲዮ ወደ ካሴት እየተቀዳ በየቤቱ ይዞር ነበር። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ካሴቶቹን በጨርቅ ጠቅልለው ከመኪናቸው ሥር ያስቀምጡ ነበር፤ ፀሐይ እንዳያገኛቸው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ይከፍቱልናል። በኋላ አድጌ መጽሐፉን ገዝቼ ሳነብ፣ ጉዱ ካሳ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚሰማኝ ወጋየሁ ነበር። እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው። ሰውየው የመድረክ ሰው ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ አብሮ ይቆጣል። ታሪኩ ወደ ተራ ወሬ ሲመለስ ግን እሱም ይመለሳል። ዝቅ ይላል፣ ጎረቤት ቁጭ ብሎ የሚያወጋ ይመስላል።

ብዙዎቹ የዛሬ ልጆች ከወጋየሁ የወሰዱት ቁጣውን ብቻ ነው። ዝቅታውን አልወሰዱም። «ሻይ ቀዳችለት» የሚለውን እንደ ሽለላ ያነቡታል። ሻይ እኮ ነው የቀዳችው! ሁሉም ነገር ከፍ ካለ እውነተኛው ከፍታ ሲመጣ በምን ይለያል? ከላዩ ደግሞ ሙዚቃ ይደረብበታል። ዋሽንት እወዳለሁ። ሰው እያወራልኝ ጆሮዬ ሥር ዋሽንት ሲነፋ ግን አንዱንም አልሰማ። በተለይ እኔ መኪና ላይ ተቀምጬ። መኪናዬ ያጉረመርማል፣ የጎረቤቴም ያጉረመርማል፣ ዋሽንቱ ይጨመራል። እዚህ ጋ አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ሰው የሚያደንቀው ወፍራም፣ ጎርናና ድምፅ መኪና ግርግር ውስጥ ይሰምጣል። ከመኪናው ጉርምርምታ ጋር ይቀላቀላል። ጥርት ብሎ የሚወጣው ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሚሉትን ነጥቆ የሚናገር ሰው ነው፤ ድምፁ ቀጭን ቢሆንም።

በኮምፒውተር ድምፅ የተነበበም ሞክሬያለሁ፣ ዩቲዩብ ላይ። 20 ደቂቃ ቆየሁ። አይደክመውም፣ አያስለውም፣ ቃል አይውጥም። ግን የሞት መርዶውንም የቡናውንም ቁርስ በአንድ ልክ ያነበዋል። ዘጋሁት።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። አንድ ታሪካዊ ልቦለድ ውስጥ የሐረር ሽማግሌ ይመጣሉ። አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ደራሲው በክብር ነው የጻፋቸው። ተራኪው ሲያነባቸው ግን አፉን አጣመመ። ለቀልድ የሚሆን አነጋገር ሰጣቸው። ያን ዕለት ኤርፎኔ አንደኛው ጆሮ ሞቶብኝ ስለነበር በስልኩ ድምፅ ማጉያ ነበር የከፈትኩት። አጠገቤ የሚሰፉት ሐረሪ አባት ናቸው፣ ከኔ 20 ዓመት ይበልጣሉ። አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። መኪናቸውን አቆሙ። ትንሽ አዳመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሐረር መጥቶ ያውቃል?» አሉኝ።

«እንጃ አባቴ» አልኳቸው።

ሌላ አልተናገሩም። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ አፍሬ ዘጋሁት፣ መልሼም አልከፈትኩትም። እኛ መንገድ ላይ አንዲት ደንበኛ በሐረሪ ሰላምታ ትጀምራለች፣ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ዋጋውን በአማርኛ ትጨርሳለች። የማንም አፍ ለማንም መሳቂያ አይደለም። ተራኪ የሌላውን አገር ሰው ማስመሰል ካልቻለ በራሱ ድምፅ ቢያነብ ማን ይቆጣዋል?

ከጨረስኳቸው ስድስት ውስጥ አንዱ ግለ ታሪክ ነው፣ ባለታሪኩ ራሳቸው ያነበቡት። ይንተባተባሉ፣ ገጽ ሲገልጡ ይሰማል። እናታቸው የሞቱበት ምዕራፍ ላይ ጉሮሯቸው ይዘጋል፣ ቆም ይሉና ይቀጥላሉ። ያንን ማንም አሳምሮ ቢያነበው አይተካውም።

ሁሉን ያስረሳችኝ ግን አንዲት ሴት ተራኪ ናት። መጽሐፉ ልጇ አረብ አገር ስለሄደችባት እናት ነው። ልጅቷ አትመለስም፤ ሻንጣዋ ብቻ ይመጣል። እናትየዋ ሻንጣውን የምትከፍትበት ቦታ ላይ ስደርስ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። ተራኪዋ እንዲህ አነበበች፦ «ልብሱን አወጣች። አጠፈችው። መልሳ ዘረጋችው።» በቃ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ አላለቀሰችም፣ አላዘገመችም። ሦስቱንም በእኩል ድምፅ፣ ቤት ውስጥ ሥራ የምትሠራ ሴት እንደምታወራ አድርጋ ነው ያለችው። ከሦስተኛው በኋላ ዝም አለች። ዝምታው ከሌላው ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ያህል ነው የሚረዝመው። እግሬ ከመርገጫው ላይ ቆመ። ማቆሜን ያወቅሁት ደንበኛዬ ስትናገረኝ ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ክር አለቀ እንዴ?»

«አይ፣ አንዴ ቆዪኝ» አልኳት። መልሼ 30 ሰከንድ ወደኋላ አደረግኩና እንደገና ሰማሁት።

ያንን ቦታ በኋላ ደጋግሜ አሰብኩበት። ልቅሶውን እሷ ብታለቅሰው ኖሮ እኔ ተመልካች እሆን ነበር። ስለተወችልኝ ወደኔ መጣ። ወንዶቹንም ስታነብ ድምፅዋን አታወፍርም። አባትየው ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ደላላው ይፈጥናል፣ ወንድምየው ቃሉን ሳይጨርስ ይተዋል። በፍጥነት ብቻ ነው የምትለያቸው፣ ግን አንድም ጊዜ ማን እንደሚናገር አልጠፋኝም። ሌሎች ተራኪዎች ሲያዘግሙብኝ አፑ ላይ 1.25 አድርጌ አፈጥናቸው ነበር። እሷን አልነካኋትም። ሲፈጥን መጀመሪያ የሚሞተው ዝምታው ነው።

አፑ ላይ ያለኝን ቅሬታም ልጻፍ። የደራሲው ስም በትልቁ ተጽፏል፣ የተራኪው ከታች በደቃቅ ፊደል ነው፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። በተራኪ ስም መፈለግም አይቻልም። የዚያችን ሴት ሌላ ሥራ ለማግኘት አንድ ምሽት ሙሉ መጽሐፍ በመጽሐፍ እየከፈትኩ ስፈልግ አመሸሁ። ሌላ ሁለት አገኘሁ። በነፃ የሚያሰሙት ናሙና ደግሞ ሁልጊዜ መግቢያው ነው። መግቢያን ሁሉም አሳምሮ ያነባል። መግዛት የፈለገ ሰው የሚቻል ከሆነ ንግግር የበዛበትን ቦታ ፈልጎ ይስማ። ሁለት ሰው ሲከራከር አምስት ደቂቃ ሰምቶ ማን ማን እንደሆነ ካልጠፋው፣ ይግዛ።

የዚያችን እናት መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ የሰማሁት መንገድ ላይ ነው። አዲስ ኤርፎን ልገዛ ድሬዳዋ ወረድኩ፣ ታይዋን ገበያ። በሚሠራው አንድ ጆሮ እየሰማሁ ነበር የምሄደው። ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ሙቀቱ መምጣት ሲጀምር እናትየዋ ጎረቤቶቿን ቡና ጠራች። ድሬ ገብተን ሰው ሁሉ ከሚኒባሱ ሲወርድ ሰባት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ገበያው አጠገብ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ጨረስኩት። ከዚያ ነው ኤርፎኑን የገዛሁት።

ማግስቱን መኪና ግርግር ስመለስ ለአባቴ፣ ለጎረቤቴ ማለቴ ነው፣ አዲሱን ኤርፎን አሳየኋቸው። አዩትና ወደ ኪሴ እንድመልሰው ነገሩኝ።

«ያቺ የምታቆምህ ሴትዮ ናት?» አሉኝ። «እስቲ ጮክ አድርጋት፣ እኔም ልስማ።»

ከመጀመሪያው ጀመርናት። አሁን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነን።